የራዲያተሩን ፋን በኤሌክትሪክ መቀየር ወይስ የፋኑን ክላች ማደስ? በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚሠሩ ፒክአፖችና የጭነት መኪኖች የንጽጽር መመሪያ

ቃሊቲ ላይ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ውሃ የሚያፈላ መኪናና ወደ ሱሉልታ የሚያወጣውን የእንጦጦ ዳገት ጭኖ ሲወጣ የሚያፈላ መኪና በሽታቸው አንድ አይደለም። የሚታዘዝላቸው መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «የሞተሩን ፋን አውጣና ኤሌክትሪክ ግጠምለት» ይባላል። ለመጀመሪያው መኪና ይህ ምክር ሊያዋጣ ይችላል። ሁለተኛውን ግን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) እስኪጣመም ድረስ ሊያሞቀው ይችላል። ምርጫው ያለው ከአራት ነገሮች መካከል ነው፦ ቀጥታ የታሰረ ፋን፣ ባለ ክላች ፋን (እንደ ሙቀቱ ከሞተሩ ጋር የሚያያዝና የሚላቀቅ)፣ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ፣ ወይም የሞተሩን ፋን ሳይነኩ ኤሌክትሪክ መጨመር። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው መኪናው የሚሠራው ሥራ ነው።

ጥፋቱ የፋኑ ነው?

ፋን የሚያስፈልገው መኪናው በራሱ ሩጫ በቂ ነፋስ በማያገኝበት ጊዜ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው መቼ እንደሚሞቅ ነው። አንድ ፒክአፕ በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ የሙቀት ጌጁ ወደ ላይ ከወጣ፣ ፋኑን ከመንካት በፊት ራዲያተሩን፣ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተውን ቫልቭ)፣ የውሃ ፓምፑንና ጓርኒሲዮኑን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) መመርመር ይገባል፤ በዚያ ፍጥነት ከፊት የሚገባው ነፋስ ከፋኑ ይበልጣልና። ቆሞ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ሲሆን ወይም በመጨናነቅ ውስጥ ሲንፏቀቅ የሚሞቅና መንገድ ሲለቀቅለት የሚበርድ ከሆነ ግን ጥርጣሬው በትክክል ፋኑ ላይ ያርፋል። በሁለተኛ ማርሽ ረጅም ዳገት ሲወጣ ብቻ የሚሞቅ የጫነ መኪና ደግሞ ከሁሉም የከበደ ፈተና ላይ ያለ ነው፤ እዚያ ላይ ፋኑም ራዲያተሩም ሙሉ ጤና ሊኖራቸው ይገባል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚቀየረው ግን የራዲያተር ክዳን ነው፤ ይህ ደግሞ በእኛ ከፍታ ላይ ከሌላው አገር ይልቅ ክብደት ያለው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ክዳን የሌለው ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ ይህን ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ላልቶ ግፊት ካልያዘ ውሃው 92 ላይ ይፈላል። ገበያ ላይ የሚገኙት የኤሌክትሪክ ፋን ማስነሻ ስዊቾች ደግሞ አብዛኞቹ 92 ወይም 95 ላይ የሚነሱ ናቸው። እንግዲህ ክዳኑ የሞተ መኪና ላይ ምርጥ የሚባል የኤሌክትሪክ ፋን ቢገጠም እንኳ ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ውሃው በትርፍ ጋኑ በኩል ይወጣል። ባለቤቱም «ፋኑ አይረባም» ብሎ ይደመድማል። ክዳን ሲገዙ በአሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር አይተው ያንኑ ይግዙ፤ ከፍ ያለ ግፊት የሚይዝ መግጠም ያረጀ ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ) ይቀድዳል።

ቀጥሎ ራዲያተሩን ከፊትም ከውስጥም ይመልከቱ። ጭድ፣ ጠጠርና አሸዋ የሚያመላልሱ መኪኖች ላይ በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል አቧራና ገለባ ተጋግሮ ልክ እንደ ደበሎ ይነጠፋል። ከፊት በኩል ቆሞ ለሚያይ ሰው ንጹሕ ይመስላል። የላይኛውን መያዣ ቡሎን ፈትቶ ኮንደንሰሩን ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል ነው፤ ያኔ ይታያል። ሲታጠብም ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ቀስ ባለ ውሃ መሆን አለበት። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ በቅርብ ከተደገነበት ስሶቹን የአሉሚኒየም ቅጠሎች አጣጥፎ አየር እንዳያልፍ ያደርጋል። ከውስጥ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚተወው ያለ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ይህን ለማወቅ ሞተሩን አሙቆ ማጥፋትና በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የራዲያተሩን ፊት በየቦታው መለካት ይበቃል። ሙቀቱ ከውሃ መግቢያው ወደ መውጫው ቀስ እያለ መውረድ አለበት። መሃል ላይ ከጎረቤቱ በ15 ዲግሪና ከዚያ በላይ የቀዘቀዘ ቦታ ካለ እዚያ ጋ ቱቦዎቹ ተደፍነዋል፤ ምንም ዓይነት ፋን አይከፍታቸውም።

ጓርኒሲዮን ለመመርመር፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ማስነሳትና ውሃውን ማየት ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ጥቂት አረፋ ሊታይ ይችላል። ሳያቋርጥ እየተንቦቀቦቀ ከቀጠለ ግን የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የሞቀ ሞተር ክዳን በጭራሽ አይከፈትም፤ በግፊት ታፍኖ የነበረው ውሃ ክዳኑ በተነሳበት ቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ መናገር ያስፈልጋል። «ይሞቃል» ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነው። በብዙ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ሞተሩ ተመልሶ የሚዞረውን አቋራጭ መንገድ አብሮ ይዘጋል። እሱ ከሌለ ውሃው ከፊሉ በራዲያተሩ ሳያልፍ በአቋራጩ ይዞራል፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ሞተሩ እንዲያውም ይብስበታል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ያጨሳል። የኤሌክትሪክ ፋን የሚገጠም ከሆነ ቴርሞስታት መኖሩ ግዴታ ነው፤ የፋኑ መነሻና መጥፊያ የሚሰላው ከእሱ ተነስቶ ነውና።

የፋን ክላች ምርመራ

ባለ ክላቹ ፋን በውስጡ ሲሊኮን ዘይት አለው። ፊቱ ላይ የተጠቀለለችው ትንሽ የብረት ስፕሪንግ ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ትዘረጋና ቫልቭ ትከፍታለች፤ ዘይቱ ይገባና ፋኑን ከፑሌጃው (ቺንጋው ከሚያዞረው መንኮራኩር) ጋር ይይዘዋል። አየሩ ሲበርድ ዘይቱ ይመለስና ፋኑ ይላቀቃል።

ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቃዛ ሳለ ክንፉን በእጅ ያሽከርክሩት። ማር ውስጥ ያለ ማንኪያ እንደሚዞረው ከብዶ ግማሽ ዙር ወይም አንድ ዙር ሄዶ መቆም አለበት። ሦስት አራት ዙር በነፃ ከተሽከረከረ ዘይቱ አልቋል። ጨርሶ ካልዞረ ደግሞ ተጣብቋል። የክንፉን ጫፍ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀንቁት የሚወላወል ከሆነ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ተሸካሚ) ሞቷል፤ እንዲህ ያለ ክላች አንድ ቀን ክንፉን ራዲያተሩ ውስጥ ይሰካዋል። ከመሃሉ ወደ ዙሪያው እንደ ጨረር የተረጨ ጥቁር፣ አቧራ የያዘ ቅባት ካዩ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው። በሞቀ ጊዜ ደግሞ በጆሮ ይለያል። ጤነኛ ክላች ዳገት መሃል ላይ ሲይዝ ሹፌሩ ነዳጅ ሳይጨምር ከፊት የአውሮፕላን የመሰለ ጉርምርምታ ይሰማል። ዳገት ወጥቶ ጌጁ ከግማሽ ካለፈ በኋላም ያ ድምፅ ጨርሶ ካልተሰማ ክላቹ አይዝም ማለት ነው።

የቶዮታና የመሰሎቹን ክላች ከፍቶ ሲሊኮን ዘይት መጨመር ይቻላል፤ ኩሽኔታው ጤነኛ ከሆነ ርካሹ ጥገና ይህ ነው። የሞተር ዘይት ወይም ቅባት መጨመር ግን አይሠራም፤ ሙቀት ሲነካው ይቀጥናል፣ አይዝም። የወጣ ክላች ሲቀመጥ መኪናው ላይ እንደነበረው ቆሞ ይቀመጥ፤ በፊቱ ተደፍቶ ካደረ ዘይቱ በማኅተሙ በኩል ይወጣል።

ስሌቱ ምን ይላል

የኤሌክትሪክ ፋን ሻጭ የሚነግረው የአየር መጠን የተለካው በባሕር ጠለል ላይ፣ ከፊቱ ምንም ሳይከለክለው ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ሲመዝን እዚህ 0.9 ገደማ ነው። ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ የአየሩ ክብደት ነው።

በሰዓት 3,400 ሜትር ኩብ ይነፋል የተባለ ባለ 16 ኢንች ፋን እንውሰድ። በሴኮንድ አንድ ሜትር ኩብ የማይሞላ፣ እዚህ አገር 0.85 ኪሎ ግራም ያህል አየር ማለት ነው። አየሩ ራዲያተሩን ሲያልፍ 40 ዲግሪ ቢሞቅ የሚወስደው ሙቀት 34 ኪሎ ዋት ነው። ኮንደንሰሩና የራዲያተሩ ቅጠሎች ሲከለክሉት ግን የአየሩ መጠን ወደ ግማሽና ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። በተግባር ከአንድ ባለ 16 ኢንች ፋን 20 ኪሎ ዋት አካባቢ ቢጠበቅ ነው።

ሚኒሞ ላይ የቆመ የፒክአፕ ናፍጣ ሞተር፣ ኤሲው ቢሠራም፣ ለራዲያተሩ የሚልከው ሙቀት ከዚህ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ ለከተማ መጨናነቅ አንዱ ፋን ከበቂ በላይ ነው። ባለ 4.6 ሊትሩ አይሱዙ ኤንፒአር ጭኖ ዳገት ላይ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ግን ለውሃው የሚለቀው ሙቀት ከ40 ኪሎ ዋት ሊያልፍ ይችላል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲንቀሳቀስ ከመንገዱ የሚያገኘው ነፋስ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የ371 የፈረስ ጉልበቱ ሲኖትራክ ሙሉ ጉልበት ላይ ለራዲያተሩ የሚልከው ከ100 ኪሎ ዋት በላይ ነው። እዚያ ላይ የሱቅ ኤሌክትሪክ ፋን መስቀል በሲኒ ውሃ የደመራ እሳት ማጥፋት ነው።

«ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለውም በልኩ መታየት አለበት። የፋን ጉልበት በዙሩ ኩብ ይጨምራል፤ ዙሩ በግማሽ ሲቀንስ የሚበላው ጉልበት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ቀጥታ የታሰረ ፋን ከሞተሩ ጋር እኩል ስለሚዞር በከፍተኛ ዙር ብዙ ኪሎ ዋት ይበላል። ከእሱ ወደ ኤሌክትሪክ መሄድ በነዳጅ ላይ ይታያል። ጤነኛ ክላች ግን ሳይዝ ሲቀር በራሱ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የሚበላው ትንሽ ነው። ከጤነኛ ክላች ወደ ኤሌክትሪክ ቢቀየር የሚተርፈው ነዳጅ ወጪውን ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። የኤሌክትሪክ ፋኑም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ 300 ዋት ለመስጠት ዲናሞው ከሞተሩ 500 ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ቀጥታ የታሰረና የተበየደ ፋን

ከፋብሪካው ቀጥታ ታስሮ የመጣ ፋን አስተማማኝ ነው፤ የሚበላሽ ነገር የለውም። ጩኸቱንና ነዳጁን ከቻሉት ይቀመጥ። የሞተ ክላችን በብየዳ ወይም በቡሎን አስሮ ቀጥታ ማድረግ ግን ሌላ ነው። የክላች ፋን ክንፎች፣ በተለይ ፕላስቲኮቹ፣ በሞተሩ ሙሉ ዙር እንዲዞሩ ታስበው አልተሠሩም፤ አንዱ ክንፍ ተሰብሮ ኮፈን የሚበሳበት አጋጣሚ አለ። የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታም አይቆይም። መንገድ ላይ ለቀረ መኪና እስከ ጋራዥ ለመድረስ ቢደረግ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ግን ክላች ይገዛለት።

በትልልቅ መኪኖችና አውቶቡሶች ላይ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚይዝ የፋን ክላችም አለ። ጉልበቱ ከሞተሩ ነው፣ መያዝ መልቀቁ ብቻ በስዊች። የመኪናው ዓይነት የሚገጥምለት ከሆነ ለከባድ መኪና ከኤሌክትሪክ ፋን በብዙ ይሻላል።

የሞተሩን ፋን ትቶ ኤሌክትሪክ መጨመር

ይህ መንገድ ብዙም አይወራለትም፣ ግን ለብዙ መኪኖች ትክክለኛው እሱ ነው። የሞተሩ ፋን በቦታው ይቆያል፤ ከራዲያተሩ ወይም ከኮንደንሰሩ ፊት አንድ ወይም ሁለት ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች የሚገፋ ፋን ይጨመራል። ሰልፍ ላይ ሲቆም የሞተሩ ፋን ከሚኒሞው ዙር በላይ መዞር ስለማይችል ደካማ ነው፤ ያኔ የፊቱ ያግዘዋል። ዳገት ላይ ደግሞ የሞተሩ ፋን ሥራውን ይሠራል። የኤሌክትሪኩ ቢቃጠል መኪናው መንገድ ላይ አይቀርም።

ጉዳቱ የፊቱ ፋን ሲቆም ነፋስ የሚጋርድ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የራዲያተሩን ፊት ከግማሽ በላይ አይሸፍን። የሚስብ ፋንን የሚገፋ ለማድረግ ፕላስና ማይነሱን ማገላበጥ ብቻ አይበቃም፤ የክንፉ ቅስት ለአንድ አቅጣጫ ስለተሠራ በተቃራኒው ሲዞር የሚነፋው በጣም ይቀንሳል። አንዳንዱ ፋን ክንፉን አውጥቶ ገልብጦ መግጠም ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም። አቅጣጫው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በአንድ የደብተር ወረቀት ነው፦ የኤሌክትሪኩን ብቻ አስነስተው ወረቀቱን ከፍርግርጉ ፊት ሲይዙት ተስቦ መለጠፍ አለበት። ከተገፋ ሁለቱ ፋኖች እርስ በርስ እየተጣሉ ነው።

24 ቮልት ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት

ኤንፒአር፣ ኤፍኤስአርና ሲኖትራክ ባለ 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮ ነው። ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ፋን ግን የቤት መኪና ስለሆነ 12 ቮልት ነው። ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ስቦ ፋን ማስነሳት ለጊዜው ይሠራል፤ ቀናት ሲያልፉ ግን ያ ባትሪ ሳይሞላ ይቀራል። ዲናሞው የሁለቱን ድምር ብቻ ስለሚያይ ሌላኛውን ከልክ በላይ ይሞላዋል። አንዱ ደርቆ፣ ሌላው ፈልቶ ሁለቱም ይሞታሉ።

ትክክለኛው ባለ 24 ቮልት ፋን መግዛት ነው። ለአውቶቡስ ኤሲ ኮንደንሰር የሚሠሩት ፋኖች 24 ቮልት ከመሆናቸውም በላይ ውሃና አቧራ እየመታቸው ለረጅም ሰዓት እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው። ሌላው መንገድ ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ባለ 12 ቮልት ፋኖችን በተከታታይ ማሰር ነው፤ አንዱ ሲቃጠል ግን ሁለቱም ይቆማሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያም ይሠራል፣ ከፋኑ አምፔር በላይ ከቻለ ብቻ። የሬዲዮ መቀነሻ ባለ 10 አምፔር ስለሆነ በመጀመሪያው ሰልፍ ላይ ይቃጠላል።

ከሶማሌ ተራ የተፈታ ፋን የሚገዙ ከሆነ በባትሪ ሳያስነሱት አይክፈሉ። ዘንጉ ወደ ጎን መወላወል የለበትም፤ በክላምፕ ሜትር ሲለካ የሚስበው አምፔር ሞተሩ ላይ ከተጻፈው ብዙ ከበለጠ ኩሽኔታው ወይም ካርቦኑ አልቋል።

መግጠም ለወሰነ

እዚህ ላይ የሚነገረው ባለ 12 ቮልት ፒክአፕ ላይ 25 አምፔር የሚስብ አንድ ባለ 16 ኢንች ፋን ለመግጠም ነው። 24 ቮልት ላይ አምፔሩ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያገናኘው መሣሪያ) ግን ባለ 24 ቮልት መሆን አለበት።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ካላቀቁ በኋላ ቺንጋው ሳይፈታ የፋን ክላቹን አራት ዳዶዎች (የቡሎን ማጥበቂያዎች) ያላሉ፤ ቺንጋው ፑሌጃውን ስለሚይዝልዎ ይቀላል። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ወይም በ12 ቁልፍ ይፈታሉ። ብዙ ሞተሮች ላይ የፓምፑን ፑሌጃ የያዙት እነዚሁ ዳዶዎች ናቸው። ክላቹ ሲወጣ ውፍረቱ ስለሚጎድል ዳዶው ጥርሱ አልቆ ሳይጠብቅ ይቀራል፤ ፑሌጃው ይወላወልና በጥቂት ቀን ውስጥ ፓምፑን ያበላሻል። የክላቹን እግር ውፍረት ለክተው በዚያው ልክ ሮንዴላ (ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት) ይሙሉበት።

ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ የሚስብ ይሁን። የራዲያተሩ ፊት 60 በ50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 3,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ የ16 ኢንች ፋን ክብ ግን 1,300 ብቻ። ከለላ ካልተሠራለት ከግማሽ በላይ የሆነው ራዲያተር ሥራ ይፈታል። ከስስ ላሜራ ሙሉውን ፊት የሚሸፍን፣ ከራዲያተሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የራቀ፣ ጠርዙ በጎማ የታሸገ ከለላ ያሠሩ። በፍጥነት ሲሄዱ ነፋስ እንዳይታፈን ጥግ ጥጉ ላይ ወደ ሞተሩ በኩል ብቻ የሚከፈት የጎማ ምላስ ቢደረግለት ጥሩ ነው።

ከፋን ጋር በስጦታ የሚመጡትን፣ በራዲያተሩ ቅጠሎች መሃል የሚሰኩትን የፕላስቲክ ማሰሪያዎች አይጠቀሙ። ኮብልስቶንና ፒስታ መንገድ ላይ ፋኑ በእያንዳንዱ ንዝረት ቱቦውን ይፈገፍጋል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ በማሰሪያው ዙሪያ ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ክብደቱ መታሰር ያለበት ከራዲያተሩ ፍሬም ጋር፣ በብረት መያዣና በጎማ ሮንዴላ ነው።

ሽቦው ላይ የሚቆጠበው ገንዘብ አየር ያስከፍላል። ከባትሪ እስከ ፋን ደርሶ መልስ 4 ሜትር ቢሆን፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በ25 አምፔር 0.7 ቮልት ይበላል፤ ባለ 6 ከሆነ 0.3 ብቻ። ቮልት ሲጎድል ዙር ይጎድላል። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው ወፍራም ነጠላ መዳብ የቤት ሽቦ ለመኪና አይሆንም፤ በንዝረት ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል። ብዙ ክር ያለውን ይግዙ። ፊውዙ 40 አምፔር ይሁንና ከባትሪው ፖዘቲቭ በቅርብ፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ፤ ሽቦው መንገድ ላይ ብረት ቢነካ የሚያድነው ይህ ነው። ሪሌው ቢያንስ 40፣ ቢቻል 70 አምፔር የሚችል ይሁን፤ ፋኑ ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይስባል። ከሪሌው እግሮች ቁጥር 30 ከፊውዙ፣ 87 ወደ ፋኑ፣ 86 ቁልፍ ሲከፈት ከሚነሳ መስመር፣ 85 ወደ ሙቀት ስዊቹ ይሂድ።

ለስዊቹ የተሻለው ቦታ የላይኛው ማኒኮቶ ላይ ተቆርጦ የሚገባ የአሉሚኒየም ማገናኛ ነው። ቴርሞስታቱ 82 ላይ የሚከፈት ከሆነ በ92 የሚነሳና በ87 የሚጠፋ ስዊች ይስማማዋል። ከታች፣ ውሃው ቀዝቅዞ በሚወጣበት በኩል ከተገጠመ 87 ላይ የሚነሳውን ይምረጡ። መጥፊያው ከቴርሞስታቱ መክፈቻ በታች ከሆነ ፋኑ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ስዊች ከሆነ ደግሞ ማገናኛው በሁለቱም በኩል በጎማ የተከበበ መሆኑን አይርሱ፤ ከሻንሲው ጋር አይነካካም። ከማገናኛው ወደ ሻንሲ የራሱ ኔጋቲቭ ሽቦ ካልተሳበለት ስዊቹ ቢዘጋም ሪሌው አይነሳም። «አዲሱ ስዊች አልሠራም» ተብሎ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ኤሲ ካለው የኤሲው ኮምፕሬሰር በተነሳ ቁጥር ፋኑ እንዲነሳ ሁለተኛ ሪሌ ይጨመር። ጋቢና ውስጥ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ፋኑን በእጅ የሚያስነሳና የሚያጠፋ ስዊች ነው፤ በክረምት የተጥለቀለቀ መንገድ ሲሻገሩ ፋኑ መጥፋት አለበት፣ ውሃ የመታው ክንፍ ወደ ራዲያተሩ ይታጠፋልና። ሁለተኛው ከሪሌው ቁጥር 87 እግር በኋላ የተሳበ ትንሽ መብራት ነው። የሞተሩ ፋን ቺንጋ ካልተበጠሰ አይቆምም፤ የኤሌክትሪኩ ግን ፊውዝ ሲበላ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ይቆማል፣ ሹፌሩም የሚያውቀው ጌጁ ቀይ ላይ ሲደርስ ነው።

ሲያልቅ ዲናሞው መቻሉን ይለኩ። ሚኒሞ ላይ ሆኖ ፋኑን፣ የፊት መብራቱንና ኤሲውን አንድ ላይ አብርተው ባትሪው ላይ ቮልት ይለኩ፤ 12 ቮልት መኪና ላይ ከ13.2፣ 24 ላይ ከ26.5 በላይ ማሳየት አለበት። ከ12.7 በታች ከወረደ መኪናው በሰልፍ ሰዓት ባትሪውን እየበላ ነው የሚሠራው። ባለ 60 አምፔር ዲናሞ ሚኒሞ ላይ ግማሹን ያህል ብቻ ስለሚሰጥ በአሮጌ ፒክአፖች ይህ የተለመደ ነው፤ መፍትሔው የሚበልጥ ዲናሞ ነው።

የትኛው ለየትኛው

ከለገጣፎ ወይም ከሰበታ ከተማ ገብቶ የሚወጣ፣ አልፎ አልፎ የሚጭን ባለ 12 ቮልት ፒክአፕ ክላቹ ከሞተና ምትኩ ከታጣ ኤሌክትሪክ ይግጠም፤ ከለላውና ሽቦው ከላይ እንደተባለው ከተሠራ በደንብ ያገለግላል። ክላቹ በገበያ ካለ ግን ክላቹን መግዛት ይቀላል፣ ሥራውም የአንድ ሰዓት ነው።

ጠጠር፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ ጭኖ ከገላንና ከዱከም የሚመላለስ ኤንፒአር የሞተሩን ፋን አያውጣ። ክላቹን ያድስ፤ ቃሊቲ ላይ መቆም ካሞቀው ከፊት ባለ 24 ቮልት ይጨምርለት። ወደ ጎጃም የሚሄድም እንደዚሁ ነው፤ ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው መውጫ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ቆላው ላይ የሚጀምር ዳገት ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪና አፋር ላይ የሚገባለት አየር ራሱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ራዲያተሩ ሙቀት የሚያወጣበት ልዩነት ይጠብባል። እዚያ የሚያዋጣው የፋብሪካው ፋን፣ የጸዳ ራዲያተርና ኩላንት ነው።

የገጠመ ሰው በመጀመሪያው ቀን መኪናውን አቁሞ 20 ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ያሠራው። ፋኑ ተነስቶ ውሃውን አውርዶ መጥፋት፣ እንደገናም መነሳት አለበት። ተነስቶ ካልጠፋ ከለላው ወይም ራዲያተሩ ይታይ። ከዚያ የፊውዙን ቤትና የሪሌውን እግሮች በእጅ ይንኩ፤ ጣት የማያስቀምጥ ሙቀት ካለ ግንኙነቱ ላልቷል፣ በፒንሳ ጠብቆ እንደገና ይለካ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የመያዣ ቡሎኖቹና የፓምፑ ፑሌጃ ዳዶዎች አንድ ጊዜ ይጠበቁ።